ለጤና አዳም አሥራ ሁለት ሰዓት

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የወጥ ቤቱን መጋረጃ ስገልጥ ሰማዩ የዕቃ እጣቢ መስሎ ጠበቀኝ። በረዶ ቢጥል እኮ ደግ ነበር፤ በረዶ ያበራል። የዲሴምበር የስቶክሆልም ሰማይ ግን አብዛኛውን ቀን አይዘንብ፣ አይጥል፣ አያባራ፤ ዝም ብሎ ጣሪያ ላይ ተንጋልሎ ይውላል። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ተረኛ አይደለሁም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መርዳት ስለሆነ ከቤት ሳልወጣ የምውልበት ቀን ለእኔ ድግስ ነው።

ሰዓት የምቆጥረው በሁለት ዓይነት ነው፤ ሥራ ላይ በስዊድኖቹ፣ ቤቴ ውስጥ በእኛ። በእኛ ስቆጥረው ጉዱ ይበልጥ ይታየኛል። ከዓመቱ በአጭሩ ቀን እዚህ ፀሐይ የምትወጣው 2፡44 ላይ ነው፤ 8፡48 ላይ ትጠልቃለች። ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሳይታጠብ መሸ ማለት ነው። ደመና ካለ ደግሞ መውጣቷንም መግባቷንም የሚያውቀው ካላንደሩ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእማዬ ደውዬ "መሸብኝ" ስላት እሷ ጋ፣ አዲስ አበባ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። "ምን ነክቶሽ ነው ልጄ? እዚህ ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ ናት፣ ልብስ እንኳ ከገመድ አላነሣሁም" ትለኛለች። በሁለት ሰዓት የቀደመችኝ ከተማ ውስጥ ፀሐይ አለች፤ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ጋ ጨልሟል። እዚህ ስኖር አሥራ ሰባት ዓመት አለፈኝ፣ ነገሩ ግን ዛሬም አይዋጥልኝም።

ቤቴ ውስጥ ቀን ያልጎደለበት አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለው ጤና አዳም። በላዩ አምፖል ሰቅዬለታለሁ፣ ሶኬቱ ላይ ደግሞ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ሰክቼለታለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይበራል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይጠፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስቶክሆልም 59 ላይ ናት። እኔ የምኖረው 59 ላይ፣ ጤና አዳሜ የሚኖረው 9 ላይ ነው፤ በመካከላችን ያለው አንድ ወንበር ነው። በዕረፍቴ ቀን ያንን ወንበር ወደ አምፖሉ አስጠጋውና አብሬው ፀሐይ እሞቃለሁ።

የመጣው በበርበሬ ቅመም ነው። ሰው ሲገኝ እማዬ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ የጤና አዳሙን ፍሬ ለየብቻ በጨርቅ ቋጥራ ትልክልኛለች። አንድ ማታ፣ እንዲህ እንደ ዛሬው በደበዘዘ ቀን፣ የደረቀውን ፍሬ በጣቶቼ እያሸሁ ሳሸት ከውስጡ ኩል የመሰሉ ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች መዳፌ ላይ ተራገፉ። በባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ አፈር አድርጌ በተንኳቸው። ብዙም ተስፋ አልነበረኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስት ብቅ አሉ።

የመጀመሪያውን የገደልኩት በፍቅር ነው። ጠዋት ማታ አጠጣሁት፤ ጤና አዳም ግን እግሩ ሲረጥብ አይወድም፣ አፈሩ ደርቆ መቆየት አለበት። ሁለተኛውን የገደለው ማሞቂያው ነው። እዚህ አገር ማሞቂያው የሚተከለው ከመስኮት ሥር ስለሆነ ተክሉ ከታች ይቀቀላል፣ ከላይ ብርሃን ያጣል። ሦስተኛው ይኸው ነው። እሱም መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ተንጋዶ ነበር፤ አምፖሉን የገዛሁለት ያኔ ነው። አሁን ግንዱ ከታች እንጨት ሆኗል።

እዚህ ያለን ሐበሾች ይህን ወቅት ክረምት እንለዋለን፣ ሌላ ቃል አጥተን ነው። እውነተኛው ክረምት የሐምሌና የነሐሴው ነው፤ ዲሴምበር እኛ አገር በጋ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ። የቃሉ ነገር ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ስሕተት ነው ለማለት አፌን አልሞላም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባም ፀሐይ ትጠፋለች እኮ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። መብራት ይጠፋል። እማዬ ምጣዱን ጥዳ ገብስ ትቆላለች፣ ከላዩ ሱፍ ትጨምርበታለች፣ እኛ ሦስት ልጆች በአንድ ጋቢ ውስጥ ሆነን የሚፈነጥረውን እንለቅማለን። ያን ጊዜ ማናችንም "ቀኑ ደበረኝ" ማለትን አናውቅም ነበር። ስዊድኖች ለዚህ ነገር "ሚስ" የሚል ቃል አላቸው፤ ሻማው፣ ወፍራም ካልሲው፣ ሶፋው፣ የሚቀማመሰው ነገር፣ ሁሉም ተደምሮ። እንደመጣሁ የቋንቋ አስተማሪያችን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዳ ስታስረዳን ነበር፣ ለጨለማ ያልተፈጠርን ምስኪኖች መስለናት። እጄን አውጥቼ "ቆሎ የለበትም እንጂ እናውቀዋለን" ማለት ነበረብኝ፤ ስዊድንኛዬ አላደረሰኝም።

ቡናውን የቆላሁት አራት ሰዓት ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ጠቋሚ የገላ መታጠቢያ ኮፍያ አልብሼዋለሁ፤ የሚመከር አይደለም፣ ቆልቼ ስጨርስ ወዲያው አወልቅለታለሁ። ይህን ዘዴ የተማርኩት በጩኸት ነው። መጀመሪያ የቆላሁ ቀን ያ ጉድ ሕንፃውን ሙሉ ቀስቅሶ የጎን ጎረቤቴ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ እየሮጡ መጡ። እኔ ፎጣ እያራገብኩ ይቅርታ ስጠይቅ እሳቸው አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው "ቡና ነው?" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ይመጣሉ፣ መጥሪያ አያስፈልጋቸውም። ሰማንያን አልፈዋል። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ትልቁንም ትንሹንም "ዱ" ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኔም በስዊድንኛ አንቺ እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እትዬ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሲኒ ቀድቼ ከጤና አዳሙ አንዲት ቅርንጫፍ ቀነጠስኩ። ቅጠሉ ሰማያዊ የነካካው አረንጓዴ ነው፣ እያንዳንዷ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ። ወደ አምፖሉ ቢያነሷት ውስጧ በመርፌ የተወጋጉ የሚመስሉ ነጥቦች ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ሽታው የሚኖረው እነሱ ውስጥ ነው። ትኩሱ ቡና ሲነካት ወዲያው ትጠወልግና ቅባቷን ትለቃለች፣ ላዩ ላይ ስስ የዘይት ክበብ ይንሳፈፋል። ምሬት በምሬት ላይ ነው፣ ግን ሁለተኛው ምሬት የመጀመሪያውን ያለሰልሰዋል፤ ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። እትዬ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። መጀመሪያ ያዩዋት ቀን ቅጠሏን በሁለት ጣት አሸት አድርገው "ቪንሩታ!" ብለው ነበር የጮኹት፤ የሴት አያታቸው ጓሮ ውስጥ ነበር አሉ። እኔ ከእማዬ በርበሬ ያመጣሁት ተክል የቅርብ ዘመዱ የእሳቸው አያት ደጅ ላይ አርጅቷል።

ዛሬ ወሬው ወደ ሊኔ ዞረ። ካርል ፎን ሊኔ፣ የዕፅዋትን ስም እንዲህ አሁን እንደምናውቀው በሁለት ቃል ያስተካከለው ሰው፣ ይኖር የነበረው ከዚህ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ኡፕሳላ ነው፤ የአትክልት ቦታው ዛሬም ይጎበኛል። በ1753 ቡናን "ኮፊያ አራቢካ" ብሎ የሰየመው እሱ ነው። በ1767 ደግሞ የእኛን ጤና አዳም "ሩታ ቻሌፔንሲስ" አለው፣ የአሌፖ ሩታ ማለት ነው። ስለ ጤና አዳሙ አልከራከርም፤ ዘሩ ከሜድትራንያን ዙሪያ ነው፣ አሌፖም ሩቅ አይደለችም። ቡናውን ግን ለዐረብ መስጠቱን አልተውለትም። ከከፋ ጫካ የወጣውን! እትዬ ሣቁና "እኛ እኮ ያኔ ቡና በሕግ ከልክለን ነበር፣ ምን እናውቃለን" አሉኝ። እውነት ነው፤ ስሙ በወጣለት በሦስተኛው ዓመት፣ በ1756፣ አገሩ ቡናን ከልክሎ ነበር። እንዲህ ብለው ሁለተኛውን ሲኒ ዘረጉ። ቶና ሁለተኛው መሆኑን ያውቃሉ፤ በረካ ሳይጠጡ አይነሡም።

ይህ አንድ ማሰሮ ስንት ቤት እንደገባ ቆጥሬው አላውቅም። ጸደይ ላይ ስገርዘው ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቁ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከቅርንጫፍ ይጸድቃል፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ለወሰደ ሁሉ ሦስት ነገር እነግራለሁ፤ ውኃ አታብዙ፣ ያረገዘች ሴት እንዳትነካው፣ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ እንዳትቆርጡት። ሦስተኛውን የተማርኩት በቆዳዬ ነው። አንድ ጁላይ ክንዴን ገልጬ ሰገነት ላይ ስገርዘው ዋልኩ፤ በማግስቱ ክንዴ ውኃ ቋጥሮ እሳት የነካው መሰለ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። እናቶቻችን ይህን ስላልነገሩኝ ተቀየምኳቸው፤ ኋላ ሳስበው እነሱ ለቡናው አንዲት ጭራ ቀንጥሰው ወደ ቤት ይገባሉ እንጂ እንደ እኔ ተክል ቀጣፊ ሆነው አይውሉም። በዲሴምበር እንግዲህ ይህ ስጋት የለም። ለስቶክሆልም ጨለማ ካገኘሁለት ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው።

እትዬ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ነገ የስዊድኖቹ የሉሲያ በዓል ስለሆነ ያቺን በሳፍሮን ቢጫ የሆነች፣ እንደ ቀንድ አውጣ በሁለት በኩል ተጠቅልላ ዘቢብ የተሰካባትን ዳቦ ጋግረው ይዘው መጡ። መጀመሪያ ሳያት እርድ የገባባት ሕብስት መስላኝ ነበር። ቅቤና ወተት አለባት፣ እኔ ደግሞ ኅዳር 15 በገባው የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። የእነሱ አድቬንት የሚጀምረው ከእኛ ጾም በጥቂት ቀን ልዩነት ነው። አድቬንት በሚገባበት እሑድ ሰባት መብራት ያለው የኤሌክትሪክ መቅረዝ በየመስኮቱ ይወጣል፤ በ1930ዎቹ አንድ ኦስካር አንደርሾን የሚባል የጎተንበርግ ሰው ከተጣሉ የገና ዛፍ አምፖሎች የሠራው ነው ይላሉ። ከማዶ ያለው ሕንፃ አሁን ሙሉውን እሱ ነው። የእኔ መስኮት ብቻ ነው መቅረዝ የሌለው፤ ጤና አዳም አለው፣ ከውጭ ሲያዩት ምን እንደሚመስላቸው እንጃ።

በረካውን ጠጥተን ሲያልቅ ውጭው ጨልሞ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። እትዬን እስከ በራቸው ሸኝቼ ተመለስኩና ዳቦዎቹን በላስቲክ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። ላስቲኩ ላይ "ታኅሣሥ 29" ብዬ ጻፍኩበት፤ ጾም የምንፈታው የእነሱ የገና ዛፍ ወደ ውጭ ሊጣል ሳምንት ሲቀረው ነው። አምስት ናቸው። ዓምናም አምስት ነበሩ፣ ለገና የደረሱት ሦስቱ ናቸው።