የጀግና ደመወዝ

ዛሬ በስልኩ ጌም የሚጫወት ልጅ «ሌቭል ጨመርኩ» ሲል የሚጠቀምበት ሒሳብ ኮምፒውተር ውስጥ አልተወለደም። የተወለደው በእርሳስ፣ በወረቀትና በዳይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ከምትገኘው ትንሿ ሌክ ጄኔቫ፣ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘ ሳጥን በ10 ዶላር ለገበያ ወጣ። የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጠረጴዛ የከበቡ ሰዎች ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን ሆነው፣ መሪያቸው በቃል የሚሥልላቸውን የጭራቅ ጉድጓድ የሚያስሱበት ጨዋታ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የጦርነት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ውጊያው ሲያበቃ ያበቃል፤ አሻንጉሊት ወታደሮቹም ወደ ካርቶናቸው ይመለሳሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ «ብላክሙር» የተባለ የራሱን ዓለም ያጫውት የነበረው ዴቭ አርነሰን ግን በሕይወት የተረፈውን ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ አቆየው፤ እየበረታ እንዲሄድም ፈቀደለት። ሐሳቡን ደንብ አድርጎ የጻፈው ጋሪ ጋይጋክስ ነው። አርነሰን በደራሲነትና በክፍያ ጉዳይ ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው። እዚህ የምንፈልገው፣ አንድ ጀግና በረታ የሚባለው ምን ሲያደርግ እንደሆነ ነው።

የ1974ቱ መልስ ቅልብጭ ያለ ነው፦ ወርቅ ሲያመጣ። አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ጀግናው ደረጃ (ሌቭል) ይጨምራል። መግደልም ነጥብ አለው፤ ግን ሚዛኑን እዩት። መጽሐፉ በሰጠው ምሳሌ ትሮል የተባለውን ጭራቅ የገደለ 700 ነጥብ ሲያገኝ፣ የጭራቁ ሀብት ግን 7,000 ያስቆጥራል። በዓመቱ የወጣው «ግሬይሆክ» የተባለ ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ የግድያውን ዋጋ ክፉኛ ጣለው። ከደካሞቹ ጭራቆች አንዱን መግደል 100 ነጥብ ያስገኝ የነበረው ወደ 10 ወረደ። ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ የሚገባው በ2,000 ነጥብ ነውና፣ በሰይፌ ብቻ ልደግ ካለ 20 ይበቃው የነበረው ሰው 200 መግደል ሊኖርበት ነው። ያውም ነጥቡን ከጓደኞቹ ጋር ካልተካፈለ።

ይህን ሒሳብ የተረዳ ተጫዋች ሰይፉን ወደ ሰገባው ይመልሳል። ጀማሪ ተዋጊ በአንድ ሁለት ምት ይሞታል፤ ታዲያ ለጥቂት ነጥብ ብሎ ምን አስሞተው? ብልኁ ጉቦ ይሰጣል፣ ምግብ ወርውሮ ያዘናጋል፣ አንዱን ጭራቅ ከሌላው ያጣላል፤ ከዚያ ወርቁን አንጠልጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። ወርቅ ደግሞ ይከብዳል፤ ስንቱን ተሸክሞ መሮጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት። ይህን ሁሉ ብልጠት ያስተማረው ምክር ሳይሆን የነጥቡ ሠንጠረዥ ነው።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ሳንቲም መሸከም ሰይፍ አያያዝን እንዴት ያስተምራል? ጋይጋክስ በ1979 በታተመው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ላይ መለሰ፦ እውነተኛውን ዓለም እንከተል ካልን ካህኑ በጸሎትና በስብከት፣ ተዋጊው በልምምድ ነበር ማደግ ያለበት፤ ያ ደግሞ አሰልቺ ጨዋታ ይሆናል። እኔን አሳምኖኛል።

ያላሳመናቸው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ኬኦሲየም የተባለው አሳታሚ በ1978 ያወጣው «ሩንክዌስት» የወርቁን ነጥብም ደረጃውንም ጣለ። ተጫዋቹ በተሳካለት ሙያ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ጀብዱው ሲያበቃ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር ካለው ችሎታ ከበለጠ ችሎታው ያድጋል። ጀማሪው ቶሎ ይማራል፣ የተካነው ይዘገያል፤ ከኑሮ ጋር የሚገጥም ደንብ ነው። ተጫዋች ግን ተጫዋች ነውና፣ በአንድ ውጊያ መሐል ሰይፉን ጥሎ ጦር፣ ጦሩን ጥሎ መጥረቢያ የሚያነሳ ጀግና ብቅ አለ። ጠላቱን ረስቶ ምልክት ይለቅማል!

በዋናው ጨዋታም ወርቁ ብዙ አልቆየም። በ1989 ሁለተኛው እትም የወርቁን ነጥብ ከፈለጋችሁ ብቻ ተጠቀሙበት አለ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ ነጥቡን በዋናነት ጭራቅ ለሚያሸንፍ ሰጠ። ያኔ ሸሽቶ ያድግ የነበረው ጀግና አዳኝ ሆነ፤ ምሽቱም በውጊያ ያልቅ ጀመር። የ2014ቱ እትም፣ የሰለቸው ቡድን ነጥብ መቁጠሩን ትቶ ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ሲሻገር ሁሉንም አብሮ እንዲያሳድግ ፈቀደ። ሰላም ያለው መንገድ ነው፤ ግን ተጫዋቹ በራሱ ብልኃት ያተረፈው ነገር የለም።

ከ2006 ወዲህ የ1970ዎቹን ደንብ መልሰው የሚያሳትሙ ሰዎች ወርቁንም አብረው መለሱት። አንዳንዱ መሪ እንዲያውም ወርቁን ማውጣት አይበቃም፣ ከተማ ገብቶ ካልደገሰበትና ካልጠጣበት ነጥብ የለም ይላል። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አርነሰን በ1977 ባሳተመው የብላክሙር መጽሐፍ ነጥቡ የሚቆጠረው ጀግናው ወርቁን በወደደው ነገር ላይ ሲያጠፋው ነው፦ በወይን፣ በዝና ወይም በሃይማኖት።