አልቦና ባዶ፦ ከሺሺንዳ የቡና መዝገብ እስከ ሞናድ

ሺሺንዳ ከቦንጋ ተነሥቶ በውሽውሽ በኩል ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የከፋ ከተማ ናት። ይህ ጸሐፊ በቡና ለቀማ ወቅት እዚያ ደርሶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከአንድ ቡና መረከቢያ በረንዳ ላይ ተጠልሎ ሳለ የሰማው ንግግር ነው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው። አንዲት አዛውንት ከመዝገብ ያዡ ወጣት ፊት ቆመዋል።

«ልጄ፣ የኔ ስም ለምን ቀረ? ቡናዬን የመዘንከው አንተው አይደለህም?»

«እማማ፣ መዝገቡ ላይ አሉ። የክፍያው ዝርዝር ላይ ግን የሉም።»

«እንዲህ ያለ መኖር ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ዝርዝሩን ያወጣው እሱ ሳይሆን፣ ራሱ በፓይተን ቋንቋ የጻፈው አጭር ፕሮግራም ነበር። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሲያገላብጥ የተዘለሉት ብዙ ሆነው ተገኙ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነበር፤ በክረምት ቅድሚያ ብር ያልወሰዱ፣ በዕዳው ዓምድ ሥር 0 የተጻፈላቸው ናቸው። ፕሮግራሙ «ዕዳ ካለ ቀንስ፣ ከሌለ መዝገቡ ጎደሎ ነውና እለፍ» ይላል። ፓይተን ደግሞ «አለ ወይ?» ተብሎ እንዲህ በአጭሩ ሲጠየቅ 0ንም፣ ጨርሶ ያልተጻፈውንም እኩል «የለም» ብሎ ይመልሳል። ዕዳ የሌለበት ሰው ዕዳ ባለመኖሩ ገንዘቡን አጣ ማለት ነው።

ለመሆኑ ዜሮና ባዶ አንድ ናቸው? የኛ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊት ያውቁታል። ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ በሚሰጠው የባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ ዓመተ ዓለም ለ19 ተካፍሎ ከሚቀረው ላይ አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው መጥቅዕ ነው። ከመጥቅዕ መባጃ ሐመር፣ ከመባጃ ሐመር ጾመ ነነዌ፣ ከዚያ ፋሲካ እየተባለ ይወርዳል፤ የአንዱ ውጤት የሌላው መነሻ ነው። 2006 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7506 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ አንዱ ሲነሣ ምንም የለም። ሊቁ ታዲያ ስሌቱን አያቋርጥም። ወንበር «አልቦ»፣ አበቅቴ «አልቦ»፣ መጥቅዕ 30 ይላል። ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ይውላል፤ ውሏልም። አልቦ የስሌቱ አንድ ዋጋ ነው፤ ያልተሰላ ዓመት ማለት አይደለም። የወጣቱ ፕሮግራም ባሕረ ሐሳብ ቢሰጠው ኖሮ በየ19 ዓመቱ አንድ ፋሲካ ይውጥ ነበር።

በዚህ ረገድ የሺሺንዳው ልጅ ብቻውን አይደለም። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 «ምንም» የሚለውን ምልክት አልጎል ደብልዩ በተባለው ቋንቋ ውስጥ አስገባ፤ በ2009 ደግሞ ራሱ ወጥቶ የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ ነው ሲል ተናዘዘ። ፓይተንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 3.5 እትሙ እስኪታረም ድረስ እኩለ ሌሊትን «የለም» ብሎ ይቆጥር ነበር። እኩለ ሌሊት በፈረንጅ ሰዓት 0 ነዋ! በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ይህን ያህል ባላስቸገረን።

መድኃኒቱ የተገኘው ካልታሰበ ሥፍራ ነው። «ሞናድ» በግሪክ «አንድነት» ወይም «አሐድ» እንደማለት ነው። ቃሉን በፍልስፍና ያስጠራው ጀርመናዊው ላይብኒዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1714 በጻፈው ድርሰት ዓለም የተሠራው መስኮት ከሌላቸው ሞናዶች ነው ይላል። (ላይብኒዝ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ እንደነበረ፣ ሉዶልፍም ግእዝና አማርኛን ከኛው ከአባ ጎርጎርዮስ እንደተማረ አንባቢ ያስታውሳል። ዝምድናው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በላይ መሳብ ጉራ ይሆናል።) ሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የደረሰው ሐሳብ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሮዤ ጎደማን በ1958 ያለ ስም ሊባል በሚችል አጠራር «መደበኛ ቅንብር» አለው፤ ሌሎች «ሦስትዮሽ» አሉት፤ ሞናድ የሚለው ስም የጸናው ሶንደርስ ማክሌን በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው። በ1989 ኢዩጂኒዮ ሞጂ የተባለ ጣሊያናዊ ይህ ረቂቅ ነገር የፕሮግራሞችን ጠባይ ለመግለጽ እንደሚበጅ አሳየ። ፊሊፕ ዋድለር ከወረቀት አውርዶ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅ አስገባው፤ ሃስኬል የሚባለውም ቋንቋ የራሱ አደረገው።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው፤ እንደ ስሙ አያስፈራም። ፕሮግራም የሚሠራው ፋንክሽን በሚባሉ ክፍሎች ነው፤ አንዱ መዝገቡን ያነባል፣ ሌላው ኪሎውን በዋጋ ያባዛል፣ ሦስተኛው ዕዳ ይቀንሳል። ሞናድ እያንዳንዱ ውጤት በጥቅል እንዲተላለፍ ያደርጋል፤ ገበያ የሚወጣ ነገር በኮባ ተጠቅልሎ እንደሚሄድ ማለት ነው። ጥቅሉ ወይ ዋጋ ይዟል፣ ወይ ባዶ ሆኖ ባዶ የሆነበትን ምክንያት ይዟል። ሁለት ሥራ ብቻ ይበቃል፤ አንደኛው መጠቅለል፣ ሁለተኛው ጥቅሉን ፈትቶ ውስጡን ለሚቀጥለው ፋንክሽን ማቀበል። የሚቀጥለውም ፋንክሽን አዲስ ጥቅል ይመልሳል። የመጣው ጥቅል ባዶ ከሆነ ቀሪዎቹ ፋንክሽኖች አይነኩትም፤ ምክንያቱን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። 0 የያዘ ጥቅል ግን ባዶ ጥቅል አይደለም። ማንም «አለ ወይ?» ብሎ ውስጡን አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ጥቅሉ ነው።

እንደ ሃስኬል ባሉ ቋንቋዎች ጥቅሉን መፍታት የረሳን ሰው ማሽኑ ራሱ ገና ሳይሠራ ይቆጣዋል። ፓይተንና ጃቫስክሪፕትን በመሳሰሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ተቆጪ በተፈጥሮ የለም፤ ሥነ ሥርዓቱን የሚጠብቀው ጸሐፊው ነው። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው «ፕሮሚስ» የሚባለው ነገር የሞናድ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም፣ ጥቅል በጥቅል ውስጥ ሲያገኝ ሳይጠየቅ ስለሚፈታ ሊቃውንቱ ሙሉ ሞናድ አይሉትም። ስለዚህ «በስክሪፕት ቋንቋ ሞናድ መጠቀም ትርፉ ድካም ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ለአምስት መስመር ፕሮግራም ሁለት ገጽ ሥርዓት የሚያበጅ ሰው አይቻለሁ። ግን ፕሮግራሙ የሰው እንጀራ ሲይዝ ሒሳቡ ይለያል።

ወጣቱ በማግሥቱ ሞከረው። የጥቅሉ ክፍል ሃያ መስመር አልሞላም። ዝርዝሩ እንደገና ሲወጣ አዛውንቷ ከነዕዳቸው ዜሮ ስማቸው ገባ፤ በድሮው ፕሮግራም የተዘለሉትም ሁሉ ገቡ። ሁለት መስመሮች ብቻ ከግርጌ ቀሩ። በአጠገባቸው «ኪሎ አልተጻፈም» ይላል። ዣንጥላውን አንሥቶ የሚዛኑን ደረሰኝ ፍለጋ ወደ መጋዘኑ ሄደ።