የኮድ ክምችት የማኅበራዊ ሚዲያ ቅድመ እይታ ምስል

የማኅበራዊ ሚዲያ ቅድመ እይታ ምስል የአንድ የኮድ ክምችት (ሪፖዚተሪ) ሊንክ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በኤክስ፣ በሊንክድኢን ወይም በዋትስአፕ ሲላክ ከሊንኩ ጋር ተያይዞ የሚታየው ሥዕል ነው። የክምችቱ ባለቤት የራሱን ምስል ካላስገባ ጊትኸብ ራሱ አንድ ምስል አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ባለቤቱ ከፈለገ ግን በራሱ ምስል ሊተካው ይችላል።

ጉዳዩ በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ለሚሠሩ ሰዎች ከማስዋብ ያለፈ ትርጉም አለው። በጊትኸብ የክምችት ስም በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ አይችልም። ስለዚህ ሊንኩ ሲጋራ የፕሮጀክቱ ስም በራሱ ፊደል ሊታይ የሚችለው በመግለጫው ጽሑፍና በቅድመ እይታ ምስሉ ላይ ብቻ ነው።

አሠራር

አንድ ሰው ሊንክ ሲለጥፍ የመገናኛው አገልግሎት ሰርቨር ወደ ገጹ ሄዶ የኤችቲኤምኤሉን ራስጌ ያነባል። እዚያ የሚፈልገው «ኦፕን ግራፍ» የተባሉትን መለያዎች ነው። እነዚህ መለያዎች ለአንባቢ የማይታዩ አጫጭር መስመሮች ሲሆኑ የገጹን ርዕስ፣ ዓይነት፣ ምስልና ቋሚ አድራሻ ይናገራሉ። አራቱ መሠረታዊ ሲባሉ፣ መግለጫን የመሰሉ ሌሎች በተጨማሪነት ይገባሉ። ሰርቨሩ የምስሉን አድራሻ ካገኘ በኋላ ምስሉን ያወርዳል፣ ያሳንሳል፣ ቅጂውንም በራሱ ዘንድ ያስቀምጣል። መልእክቱ የደረሰው ሰው የሚያየው ይህን ቅጂ እንጂ ከጊትኸብ በቀጥታ የመጣውን ምስል አይደለም።

ቴሌግራም በተለመደው ውይይትና በቻናል ላይ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በዋትስአፕ ግን መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ በመሆኑ ገጹን የሚያነበውና ቅድመ እይታውን የሚያዘጋጀው የላኪው ስልክ ነው። የላኪው ግንኙነት ደካማ ከሆነና ምስሉ ሳይወርድ መልእክቱ ከተላከ ተቀባዩ ባዶ ሊንክ ብቻ ሊደርሰው ይችላል።

በጊትኸብ ገጽ ላይ መለያዎቹን የሚጽፈው ጊትኸብ ራሱ ስለሆነ የክምችቱ ባለቤት ኤችቲኤምኤል መንካት አያስፈልገውም። ርዕሱ ከባለቤቱና ከክምችቱ ስም፣ መግለጫው ደግሞ በክምችቱ ገጽ ላይ ከሚጻፈው አጭር ማብራሪያ ይወሰዳል። ለፕሮጀክቱ የራሱን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን መለያዎቹን በራሱ እጅ መጻፍና የምስሉን አድራሻ ሙሉ አድርጎ መስጠት አለበት።

ታሪክ

የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 በሊኑስ ቶርቫልድስ ተጀመረ። በእሱ ላይ የተመሠረተው የጊትኸብ ድረ ገጽ በ2008 ሥራ ጀመረ። የኦፕን ግራፍን ሥርዓት ፌስቡክ በ2010 ይፋ አደረገ፤ ትዊተር በ2012 «ካርድ» የተባለውን የራሱን መለያ አወጣ። የትዊተር መለያ በሌለበት ገጽ ላይ አገልግሎቱ የኦፕን ግራፉን ይጠቀማል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጊትኸብ ሊንክ ሲጋራ ይታይ የነበረው የባለቤቱ የመገለጫ ሥዕል ነበር። በዚህም ምክንያት የአንድ ሰው ክምችቶች ሁሉ ሲጋሩ አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር። በ2021 ጊትኸብ ለእያንዳንዱ ክምችት በራሱ የሚዘጋጅ ምስል አስተዋወቀ። በምስሉ ላይ የክምችቱ ስም በትልቁ፣ መግለጫው ከሥሩ፣ ከዚያም የተሳታፊዎች፣ የጉዳዮች፣ የኮከቦችና የቅርንጫፍ ቅጂዎች ብዛት ይሰፍራል። ከታች ጠርዝ ላይ ያለው ባለቀለም መስመር ኮዱ በየትኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች እንደተጻፈ ያሳያል። ምስሉ የሚሠራው አንድ ገጽ ሰው በማያየው የድር አሳሽ ውስጥ ተከፍቶ ፎቶ በማንሣት ነው።

በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ከሊንክ ካርዶች ላይ የገጹን ርዕስ አነሣ፤ በኋላም በምስሉ ላይ በትንሹ እንዲታይ አድርጎ መለሰው። ይህ ለውጥ ምስሉ ብቻውን ስለ ይዘቱ መናገር እንዳለበት ለብዙዎች አሳይቷል።

ምስሉን መቀየር

በጊትኸብ ምስሉ የሚቀየረው በሚከተለው መንገድ ነው፦

1. የክምችቱ ባለቤት ወይም የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሰው ወደ ክምችቱ ገጽ ይገባና ቅንብሩን (ሴቲንግስ) ይከፍታል።
2. በአጠቃላይ ክፍሉ ውስጥ ወደ ታች ወርዶ «ሶሻል ፕሪቪው» የሚለውን ያገኛል።
3. የማረሚያውን ቁልፍ ተጭኖ ምስል መጫንን ይመርጣል።
4. ምስሉን ለማንሣት ከፈለገ በዚያው ቦታ ማስወገድን ይመርጣል፤ ጊትኸብም ወደ ራሱ ምስል ይመለሳል።

ምስሉ በፒኤንጂ፣ በጄፔግ ወይም በጂፍ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ከ1 ሜጋባይት በታች መሆን አለበት። ዝቅተኛው የሚመከር መጠን 640 በ320 ፒክስል ሲሆን ለጥራት የሚመረጠው 1280 በ640 ነው። ጽሑፍ ለሚበዛበት ምስል ፒኤንጂ ይሻላል፤ ጄፔግ በፊደላት ጠርዝ ላይ ብዥታ ይተዋል። ኋላው ግልጽ የሆነ (ቀለም የሌለው) ፒኤንጂ ይፈቀዳል፤ ሆኖም ስልኩ በጨለማ ገጽታ ላይ ከሆነ ጥቁር ጽሑፍ ከጥቁር ጀርባ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ ሙሉ የጀርባ ቀለም መስጠት የተሻለ ነው።

የመጠን ልዩነት

ሁሉም አገልግሎቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ አይጠቀሙም። ጊትኸብና የኤክስ ትልቁ ካርድ ወርዱ የቁመቱን 2 እጥፍ የሆነ ምስል ይፈልጋሉ። ፌስቡክ የሚመክረው 1200 በ630 ነው፤ ይህም ወደ 1.91 ለ1 ይጠጋል። 1280 በ640 የሆነ ምስል በዚህ ልክ ሲቆረጥ ከግራና ከቀኝ እያንዳንዳቸው ወደ 29 ፒክስል ያጣሉ። ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም እስከ ጠርዝ ድረስ የተጻፈ ስም የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሉን ያጣል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምስሉ ከመሐሉ ወደ አራት ማዕዘን ተቆርጦ በትንሹ ይታያል። ያኔ የሚተርፈው መካከለኛው 640 በ640 ፒክስል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ዋናውን ስምና ምልክት መሐል ላይ ማድረግ፣ በጠርዞቹ ዙሪያም ቢያንስ 60 ፒክስል ባዶ መተው ጠቃሚ ነው።

የግዕዝ ፊደል በምስሉ ላይ

የጊትኸብ የክምችት ስም ሊይዝ የሚችለው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችን፣ ነጥብን፣ አጭርና የሥር ሰረዝን ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ክምችቶች ስማቸው በላቲን ፊደል ይጻፋል። የአማርኛን፣ የትግርኛንና የአፋን ኦሮሞን ቃላት ወደ ክፍሎቻቸው የሚተነትነው የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ አንዱ ምሳሌ ነው፤ አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች ክምችቶችም እንዲሁ ናቸው። ጊትኸብ በራሱ የሚያዘጋጀው ምስል ይህንኑ የላቲን ስም በትልቁ ያስቀምጣል፤ አማርኛው የሚገባው በመግለጫው ውስጥ ነው። ባለቤቱ የራሱን ምስል ሲሠራ ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥና የአማርኛውን ስም ማስቀደም ይችላል።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ መኖሩ ብቻውን በምስል ላይ እንዲታይ አያደርገውም። ምስልን በፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰርቨር የግዕዝ ቅርጽ ያለው ፎንት ካልተጫነበት በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይሥላል። አዘጋጁ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክረው ጽሑፉ በትክክል ስለሚታይ ስሕተቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሊንኩ ከተሰራጨ በኋላ ነው። መፍትሔው ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ማስቀመጥና በስሙ መጥራት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የሚሰራጩ በመሆናቸው ለዚህ ይሆናሉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኒያላና ከአፕል ጋር የሚመጣው ከፋ ግን የድርጅቶቹ ንብረት ናቸው፤ የፎንቱን ፋይል በክፍት ክምችት ውስጥ ማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር የፊደሉ መጠን ነው። በግዕዝ ፊደል ድምፅን የሚለዩት ምልክቶች እጅግ ትናንሽ ናቸው። ሣልሱና ኃምሱ የሚለያዩት በእግሩ ጫፍ ላይ ባለች አጭር መስመር ወይም ቀለበት ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ የቂርቆስ ክፍለ ከተማን የሰፈር ስሞች የሚሰበስብ ክምችት ቢከፍትና በምስሉ ላይ «ባምቢስ» እና «ካዛንቺስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ንባቡ የሚመሠረተው በ«ቢ» እና በ«ቺ» እግር ላይ ባለችው መስመር ላይ ነው። 1280 ፒክስል ወርድ ያለው ምስል በውይይት ገጽ ላይ በ320 ፒክስል ወርድ ሲታይ ሁሉ ነገር በ4 እጥፍ ያንሳል። በ40 ፒክስል ቁመት የተጻፈው ፊደል 10 ፒክስል ይሆናል፤ «ቢ»ን ከ«ቤ»፣ «ቺ»ን ከ«ቼ» መለየትም ያስቸግራል። ሰፈሩን የሚያውቅ አዲስ አበቤ በልማዱ ያነበዋል፤ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን «ባምቤስ» ሊለው ይችላል። የሰፈር ስሞችን በትክክል ለመመዝገብ ለተከፈተ ሥራ ይህ ትንሽ ጥፋት አይደለም። በ80 ፒክስልና ከዚያ በላይ የተጻፈ ወፍራም ፊደል በአንጻሩ ሲያንስም ይነበባል።

አማርኛ ቅጥያዎችን ከቃሉ ጋር ስለሚያያይዝ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል በአንድ መስመር አይገባም። ስለዚህ በምስሉ ላይ የፕሮጀክቱ ስምና ከ5 ወይም ከ6 ቃላት ያልበለጠ ማብራሪያ ይበቃል። ለምሳሌው ክምችት «የቂርቆስ የሰፈር ስሞች ዝርዝር» የሚለው ያገለግላል። የእትም ቁጥር፣ የኮከቦች ብዛትና የመሳሰሉት በየጊዜው ስለሚለወጡ በእጅ በተሠራ ምስል ላይ ባይጻፉ ይመረጣል።

ምስሉ ሲቀየር

ምስሉን የቀየረ ሰው ሊንኩን እንደገና ሲልክ አሮጌው ምስል ሊመጣበት ይችላል። ይህ የሚሆነው አገልግሎቶቹ ቀድሞ ያስቀመጡትን ቅጂ ስለሚያወጡ ነው። በቴሌግራም ሊንኩን «ዌብፔጅቦት» ለተባለው ቦት መላክ ቅጂው እንዲታደስ ያደርጋል። ፌስቡክ «ሼሪንግ ዲበገር»፣ ሊንክድኢን ደግሞ «ፖስት ኢንስፔክተር» የሚባሉ መፈተሻ ገጾች አሏቸው። እነዚህ ገጾች ሊንኩ ከመሰራጨቱ በፊት ምን እንደሚመስል ለማየትም ያገለግላሉ።

ጥንቃቄዎች

ብዙዎች ለቅድመ እይታ የሥራቸውን ገጽታ ፎቶ ይጠቀማሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ላይ የይለፍ ቃል፣ የአገልግሎት መክፈቻ ቁልፍ፣ የደንበኛ ስም ወይም ስልክ ቁጥር ሳይታሰብ ሊገባ ይችላል። ምስሉ በኋላ ቢወገድ እንኳ በሌሎች ሰርቨሮች የተቀመጠው ቅጂ ሊቆይ ስለሚችል፣ የወጣ ቁልፍን በሌላ መተካት እንጂ ምስሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ምስሉን የክምችቱ ባለቤት እንደፈለገ ስለሚመርጠው የማንነት ማረጋገጫ አይደለም። ማንኛውም ሰው የባንክን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን አርማ በራሱ ክምችት ቅድመ እይታ ላይ ማድረግ ይችላል። ኮዱን አውርዶ ከመጫን በፊት በአድራሻው ውስጥ ያለውን የባለቤት ስም ማንበብና ከድርጅቱ ይፋዊ ገጽ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም በምስል ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጽ በሚያነብ ፕሮግራም በቀላሉ አይነበብም፤ በፍለጋም አይገኝም። በምስሉ ላይ የተጻፈው የአማርኛ ስምና ማብራሪያ በክምችቱ መግለጫና በ«ሪድሚ» ፋይሉ ላይም በጽሑፍ ሲደገም ክምችቱን በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል።