ሦስት ቀለማትና አንድ ነጭ ግድግዳ፦ የማቲስ ብርሃን በቫንስ

አንሪ ማቲስ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቫንስ፣ ለዶሚኒካን መነኮሳይያት የሠራው የሮዛሪ ጸሎት ቤት ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ቅርጽ ይሄዳል፦ አዛውንቱ ሠዓሊ መቀስ አንሥቶ ቀለም ከተቀባ ወረቀት ቅጠል መሰል ምስሎችን መቁረጡ፣ እነርሱም ወደ መስታወት መዛወራቸው ይተረካል። ትረካው ልክ ነው፤ ግን እኩሌታው ይጎድለዋል። ሥዕሉ የሚጠናቀቀው ከመስኮቱ ማዶ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የሥራው መነሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ማቲስን ያስታመመችው፣ በኋላም መንኩሳ እኅት ዣክ ማሪ የተባለችው ሞኒክ ቡርዧ ናት። ጸሎት ቤቱ በጁን 1951 ተባረከ። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ሁለት የመስኮት ንድፎች ተጥለዋል። ሁለተኛው የወደቀው ማቲስ ቁርጥራጭ መስታወቶችን ለሚያያይዘው የእርሳስ ማሰሪያ ቦታ ስላልተወለት ነው። ወረቀት ይህን ጣጣ አያውቅም። ብርሃን ቀለምን ሰንጥቆ ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም አያሳይም፤ ይህን መስታወቱ ራሱ እስኪገጠም መጠበቅ ግድ ነበር።

በሦስተኛው ንድፍ፣ «የሕይወት ዛፍ» በተባለው፣ መነሻው ቢጫ አበባ ያወጣ የበለስ ቁልቋል ሲሆን ቀለማቱ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ዋናው ብልሃት ያለው ቢጫው ላይ ነው። አረንጓዴውና ሰማያዊው ጥርት ያሉ በመሆናቸው የውጭውን ዛፍና ሰማይ ያሳያሉ። ቢጫው ግን ገጹ እንዲደበዝዝ ስለተደረገ ብርሃኑን ያስገባል እንጂ ዓይንን አያሳልፍም። ማቲስ ራሱ ይህን ያደረገው የተመልካቹ መንፈስ ወደ ውጭ እንዳይበተን፣ ውስጥ እንዲቆይ መሆኑን አስረድቷል። በአንዱ መስኮት ላይ ዓይን ይወጣል፣ ይገታል፣ ደግሞ ይወጣል።

በደቡብ በኩል ከተደረደሩት ረጃጅም ጠባብ መስኮቶች ትይዩ ማርያምና ሕፃኑ በጥቁር መስመር ብቻ የተሣሉበት፣ በሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ የተለበጠ ግድግዳ አለ። ፊታቸው ባዶ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ይህን ባዶነት ድርቀት ያሉት ነበሩ፤ እኔ ግን አስፈላጊ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ግድግዳው ቀለም ቢቀባ ኖሮ ከመስኮቱ የሚመጣው ቀለም የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ነበር። የሚያርፍበትም በወቅቱ ይለያያል። በበጋ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 70 ዲግሪ ከፍ ስለምትል ብርሃኑ መስኮቱ ሥር ይወድቃል። በክረምት፣ ዲሴምበር ላይ፣ ወደ 23 ዲግሪ ዝቅ ስትል ቀለሙ ወለሉን አቋርጦ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጸሎት ቤቱን በጁላይ ጎብኝቶ የሚፈርድ ሐያሲ ጥቂት ይቸኩላል።

ቀይ በመስኮቶቹ ላይ የለም። ማቲስ የካህናቱንም የቅዳሴ ልብስ ነድፏልና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ቀይ በሚያዝበት ዕለት ይህ ቀለም በካህኑ ትከሻ ላይ ሆኖ ይገባል፤ ካህኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ከመስኮቶቹ በሚወርደው ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን መካከል ያልፋል።