ጥፋቱ የጭሱ ነው የአየሩ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1948 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት ያለችውን የዶኖራን ከተማ ጥቅጥቅ ያለ ጭጋግ ዋጣት። ያኔ ወደ 14,000 ሰው የሚኖርባት፣ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ከላይ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ተደፋባት፤ ነፋስም ጠፋ። የዚንክና የብረት ፋብሪካዎቹ ግን ጭሳቸውን መልቀቅ አላቆሙም። ጭሱ መውጫ አጥቶ ለቀናት ተከማቸ። 20 ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ታመሙ። የዚንክ ፋብሪካው ሥራ ያቆመው እሑድ ጠዋት ነበር፤ ያን ቀን ዝናብ ጥሎ ጭጋጉ ተገፈፈ።

ከዚያ ክርክር መጣ። ነዋሪው ጭሱን ከሰሰ፤ ኩባንያው ያልተለመደ የአየር ጠባይ ያመጣው የእግዜር ሥራ ነው አለ። ማን ይፍረድ? የፌዴራሉ ጤና አገልግሎት መሣሪያ ይዞ አየሩን የለካው ሰዎቹ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በ1949 ያወጣው ሪፖርትም ገዳዩ ይህ ነው ብሎ አንድ ንጥረ ነገር መለየት አልቻለም። በ1951 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ከከሳሾቹ ጋር በገንዘብ ተስማማ።

ሪፖርቱ ግን አንድ ቁም ነገር ትቷል፦ መጥፎ አየር ሲመጣ ከተማዋን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ትንበያ ይኑር፣ የፋብሪካዎቹም ጭስ ይቀነስ ብሏል።

ስለዚህ የጭስ መለኪያና የነፋስ መለኪያ ተነጣጥለው አይታዩም። አንዱ ምን እንደወጣ ይነግረናል፤ ሌላው ወዴት እንደሚሄድ፣ ወይም ማን ላይ እንደሚቀመጥ። ሁለቱም በሌሉበት ሟች ይቆጠራል እንጂ ተጠያቂ አይገኝም።