በዳኛ አምላክ!

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ የአዘና ሰዎች። ገበያ ውላችሁ ደክማችኋል፤ ቢሆንም ይህችን ሳልነግራችሁ አላሳድራችሁም። እኛ የተበደለ «በዳኛ አምላክ!» ሲል በዳይ እንኳ እግሩን የሚገታበት አገር ልጆች ነን። ታሪኩም የአንዲት ዳኛ ነው፤ የብርቱካን ሚደቅሳ።

አዲስ አበባ ተወልዳ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት ተሰየመች። ሕወሓት ለሁለት በተሰነጠቀ ማግስት፣ በአንድ ወቅት መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ፊቷ ቀረቡ። መንግሥት ምን እንደሚፈልግ አገር ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሕጉን አየችና በዋስ ይውጡ ብላ አዘዘች። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ገና መውጣታቸው ነበር፤ ፖሊስ ያዛቸው! ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ አዋጅ አወጣ። አያችሁ? አንድ ትእዛዟን ለመመከት አዋጅ አስፈለገ።

ወንበሩን ለቅቃ ጥብቅና ያዘች፤ ከዚያ ፖለቲካ። በ1997 ምርጫ የተቃዋሚው ቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነች፤ ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ታሰረች፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጣች። አንድነት ፓርቲን መምራት ስትጀምር ደግሞ፣ ስዊድን ሄዳ ስለ ይቅርታው በተናገረችው ነገር «አስተባብይ» ተባለች። እምቢ አለች። «ቃሌ» ብላ ጽፋ አቋሟን ለሕዝብ አሳወቀች። ታኅሣሥ 2001 መንገድ ላይ ተይዛ ቃሊቲ እስር ቤት ገባች፤ ያ ዕድሜ ልክ ፍርድ ተመለሰባት፤ ለወራት ለብቻዋ ተዘግቶባት ቆየች። ትንሿ ልጇ እናቷን በእስር ቤት አጥር እየጠየቀች አደገች። መስከረም 2003 ዳግም ይቅርታ ጠይቃ ተፈታች። ለዚህ የሚወቅሷት አሉ። እኔ አልወቅስም፤ ያን ክፍል ያልቀመሰ ምን አፍ አለው?

አሜሪካ ተሰድዳ ሃርቫርድ ተማረች። ኅዳር 2011 ያሰራት መንግሥት ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት። ሰኔ 14 ቀን 2013 እኛ ለምርጫ ስንሰለፍ፣ ጎረቤታችን መተከል በግጭት ምክንያት አልመረጠም፤ ተፈናቃዩም ቻግኒ ራንች ተጠልሎ ነበር። ምርጫው ጎደሎ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰኔ 2015 የጤናዋን ጉዳይ ጠቅሳ ሥልጣኗን እንደምትለቅ አስታወቀች።

ሕግ ለማጥናት ያሰባችሁ የአዘና ልጆች፣ ከሹመቷ በፊት ያንን የዋስትና ትእዛዝ አጥኑት።