የኬሚስትሪ ስያሜዎች ታሪክና የማስተማር ዘዴ

በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ለጀማሪዎች የሚሆን የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። በመቅድሙ እንደሚገልጸው፣ ሲነሣ ያሰበው የሙያውን ቃላት ለማቃናት ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስያሜን ለማሻሻል የጀመረው ሥራ ሳያስበው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆነ። የሙያ ቃላት ጥናትና የማስተማር ዘዴ ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸውን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያዳግታል።

ከዚያ በፊት የነበረው የኬሚስትሪ ቋንቋ ከመድኃኒት ቀማሚዎችና ከአልኬሚስቶች የተወረሰ ነበር። «የቪትሪዮል ዘይት»፣ «የአንቲሞኒ ቅቤ»፣ «የዚንክ አበባ» የሚሉት ስሞች ተማሪውን ከማስተማር ይልቅ ያሳስቱት ነበር፤ የመጀመሪያው ዘይት አይደለም፣ ሁለተኛውም ቅቤ ሊሆን ቀርቶ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ስለዚህም ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚዬ፣ ቤርቶሌና ፉርክሯ በ1787 አዲስ ሥርዓተ ስያሜ በጋራ አወጡ። መሠረተ ሐሳቡ የውሕዱ ስም ራሱ ውሕዱ ከምን ከምን እንደ ተሠራ ይናገር የሚል ነው። ከድኝ የሚገኙትን ውሕዶች ዛሬ በሚጠሩበት መልክ ብንወስድ፣ ሰልፌት፣ ሰልፋይትና ሰልፋይድ የሚለያዩት በመጨረሻ ድምፃቸው ብቻ ነው፤ ያችም ትንሽ ልዩነት በውሕዱ ውስጥ ኦክስጅን መብዛቱን፣ ማነሱን ወይም ጨርሶ አለመኖሩን ታስታውቃለች። ይህ የቅጥያ ሥርዓት ከ230 ዓመታት በላይ አልፎበትም በየትምህርት ቤቱ ያገለግላል።

ላቯዚዬ ቃልን ለተማሪ የሚያቀርብበት ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጽሐፉ 3ኛ ምዕራፍ ባዜቃን ከአየር ጋር ለ12 ቀናት አሙቆ፣ 50 ኪዩቢክ ኢንች የነበረው አየር ወደ 42 ወይም 43 መቀነሱን፣ በባዜቃው ላይም ቀይ ደቃቅ ነገር መታየቱን፣ ይኸው ቀይ ነገር በብርቱ እሳት ሲግል ሻማን አድምቆ የሚያነድ ጋዝ መስጠቱን ይተርካል። ለጋዙ አዲሱን ስም የሚያወጣለት ግን በ4ኛው ምዕራፍ ነው። የባዜቃ ተን መርዛማ ስለሆነ ሙከራው በክፍል ውስጥ የሚደገም አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊደገም ይችላል። እርጥብ የብረት ብናኝ ከውስጥ የተለጠፈበት ብርጭቆ በውሃ ላይ ተደፍቶ ለጥቂት ቀናት ቢቆይ፣ ብረቱ ይዝጋል፤ ውሃውም ወደ ላይ ወጥቶ የአየሩን አንድ አምስተኛ ያህል ስፍራ ይይዛል። ተማሪው የጎደለውን ካየ በኋላ ስሙን ራሱ ይጠይቃል። ትርጉም በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ ይህን ጥያቄ ከመወለዱ በፊት ይገድለዋል።

የሚያስገርመው፣ ለስያሜ እንዲህ የተጠነቀቀው ሰው ለጋዙ የሰጠው ስም የተሳሳተ መሆኑ ነው። ላቯዚዬ አሲድ ሁሉ ከዚህ ጋዝ የሚገኝ መስሎት ከግሪክኛ «ኦክስጅን»፣ ማለትም «አሲድ አስገኚ» ብሎ ሰየመው። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ፣ ቀድሞ የኦክስጅን ውሕድ ይባል የነበረው አረንጓዴ ጋዝ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታወቀ። ሙሪያቲክ ይባል የነበረው አሲድ እንግዲህ ሃይድሮጅንና ይህ ጋዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ኦክስጅን የለበትም። ዴቪ ለጋዙ ስም ሲያወጣ ከመላ ምት ርቆ በዓይን የሚታየውን ቀለም ያዘ፤ «ክሎሪን» የግሪክኛ ሥሩ ብጫማ አረንጓዴ ማለት ነውና እስከ ዛሬ የሚያስነቅፈው አልሆነም።

ስሕተቱ ይበልጥ ጎልቶ የቀረው ቃሉን በተረጎሙት ቋንቋዎች ነው። ጀርመንኛ «ዛወርሽቶፍ»፣ ሩስኛም «ኪስሎሮድ» አለው። በጃፓን ኡዳጋዋ ዮአን ከ1837 እስከ 1847 በታተመው የኬሚስትሪ ሥራው የሆላንድኛውን ፈለግ ተከትሎ «ሳንሶ» አለው። በሦስቱም ቋንቋዎች ተማሪው የአሲድን ነገር ከቃሉ ውስጥ እየሰማ ያድጋል፤ ግሪክኛ ለማያውቅ ሰው ግን «ኦክስጅን» ድምፅ ብቻ ስለሆነ አያሳስተውም።

ይህ ታሪክ የእኛን ተርጓሚዎች ይመለከታል። በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የኬሚስትሪን ቃል የሚመረምረው በልቡ ካለው የአማርኛ ቃል ጋር እያመዛዘነ ነው። በእኔ አስተያየት የንጥረ ነገሮችን ስም በድምፁ መዋስ የማያሳፍር ሲሆን፣ ዝምድናን የሚገልጹትን ቃላት ግን መተርጎም ይበጃል። «ውሕድ» አንድ መሆንን ስለሚያሰማ ከ«ድብልቅ» በግልጽ ይለያል፤ የጤፍና የገብስ ዱቄት ድብልቅ ነው፣ የገበታ ጨው ግን ውሕድ ነው። «ንጥረ ነገር» ጥንቃቄ ይፈልጋል። ንጥር ቅቤን የሚያውቅ ተማሪ ቃሉን ከጥራት ጋር ያያይዘዋልና፣ የጠራ ውሃ ለምን ንጥረ ነገር እንዳልሆነ መምህሩ ማስረዳት አለበት።

የነባር ስሞችም ጉዳይ ቀላል አይደለም። «እርሳስ» የብረት ዓይነት ስም ሆኖ ሳለ መጻፊያውንም ይጠራል፤ የመጻፊያው ጥቁር እምብርት ግን ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው። «ቆርቆሮ» በመዛግብተ ቃላት «ቲን» ለሚባለው ንጥረ ነገር ቢሰጥም፣ ተማሪው በየቀኑ የሚያየው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። በእነዚህ ቃላት ሥር የሚሰጠው ፍች ሁለቱን ትርጉሞች በቁጥር ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።